ቦንድ ልሸጥ ቆቦ ሄጄ ፍየል ይዤ የተመለስኩበት ሳምንት

ከቆቦ ከተመለስኩ ሦስት ወር ሊሞላኝ ነው። የኮንዶሚኒየማችን ሰው ግን ዛሬም ደረጃ ላይ ሲያገኘኝ «ቆቦ እንዴት ነው?» ይለኛል። «ይሞቃል» ብዬ አልፋለሁ። እውነቱን ለመናገር ሙቀቱ ከደረሰብኝ ነገር ሁሉ ትንሹ ነበር። ስለዚህ ከሰኞ እስከ እሑድ የሆነውን በቅደም ተከተል ጽፌ ከጠያቂ ልገላገል ብያለሁ። ወደዚያ የመሄድ ሐሳብ የሌለው ሰውም ያንብበው፤ እኔም ሐሳቡ አልነበረኝም።

መጀመሪያ ሥራዬን ልናገር። የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ የኩባንያዎችን ቦንድ በሚሸጥ ቢሮ ነበር። ነገሩ ቀላል ነው። አንድ ኩባንያ ገንዘብ ሲያስፈልገው ከብዙ ሰው ይበደራል፤ ለእያንዳንዱ አበዳሪ ቦንድ የሚባል ወረቀት ይሰጠዋል፤ በየስድስት ወሩ ወለድ ይከፍለዋል፤ አምስት ዓመት ሲሞላ ዋናውን ይመልስለታል። እስካሁን ይህን ወረቀት የሚገዙት ባንኮችና ኢንሹራንሶች፣ ቢበዛ ደግሞ ከነሱ ጋር ምሳ የሚበሉ ሰዎች ነበሩ። አለቃዬ አንድ ቀን ከስብሰባ ወጥታ «ተራው ሰውስ?» አለች። በዚያው ሳምንት «ቦንድ በየደጁ» የሚባል ፕሮጀክት ተጀመረ። ለሙከራ ቆቦ የተመረጠውም በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ቆቦ ሽንኩርት አለ፤ ሽንኩርት ያለበት ብር አለ።»

የምሸጠው የመታጠቢያ ገንዳ የሚያመርት ኩባንያ ቦንድ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ምንም አልበደለኝም። እስከ ቅዳሜ ሠላሳ ገዢ ካስፈረምኩ ፕሮጀክቱ ይቀጥላል፤ በወሩ መጨረሻ የሚያልቀው የኔ ኮንትራትም ይታደሳል። ሃያ ዘጠኝ ከሆነ ግን ፕሮጀክቱም እኔም እዚያው እናበቃለን። አለቃዬ ይህን የነገረችኝ ሻይ እየጋበዘችኝ ነው።

ሰኞ

ንጋት ላይ መናኸሪያ ስደርስ አንድ ሻንጣ፣ ሁለት መቶ በራሪ ወረቀት፣ አንድ ታብሌትና በካርቶን ቱቦ የተጠቀለለ፣ ቁመቱ እኔን የሚያህል ባነር ይዤ ነበር። የአውቶብሱ ረዳት ቱቦውን ገና ከሩቅ ሲያየው ፊቱ ተለወጠ። «ይሄ ጣሪያ ላይ አይወጣም፤ የሆነ ነገር ነው ይሉናል፤ አጠገብህ አድርገው» አለኝና ለባነሩም የግማሽ ሰው ሂሳብ ተቀበለኝ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ባነሩ ጉልበታቸው ላይ ተጋድሞ እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ አንድም ቃል ሳይናገሩ ታገሡኝ። ሲወርዱ ብቻ «እግዜር ያሽረው» አሉኝ። ምን እንዳሰቡ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከደብረ ብርሃን ወዲያ አንድ ኬላ ላይ ወርደን ተፈተሽን። ጥበቃው ቱቦውን አስከፈተኝ። ሁለት ተሳፋሪዎች ባነሩን ወዲያና ወዲህ ይዘው መንገድ ዳር ዘረጉት። ሥዕሉ ላይ አረፋ በሞላበት ገንዳ ዙሪያ አንድ ቤተሰብ ይስቃል፤ ከሥሩ «ነገዎን ዛሬ ይግዙ» ይላል። ጥበቃው ከላይ እስከ ታች ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው፤ ተሳፋሪውም እንደ ስብከት ቆሞ አዳመጠ። ሲጨርስ «ወለዱ ስንት ነው?» አለኝ። ነገርኩት። ትንሽ አሰበና «ከቁጠባ ይሻላል» ብሎ ለባልደረባው አስተላለፈ። ሹፌሩ በጥሩምባ ባይጠራን ኖሮ ሠላሳዬን እዚያው ሞልቼ እመለስ ነበር።

ደሴ ሲመሻሽ ደረስን። አዲስ አበባ ይበርዳል የምንለው ደሴ ስላላደርንባት ነው። ሦስት ብርድ ልብስ ሰጡኝ፤ አራተኛውን ራሴ ጠየቅኩ። መታጠቢያ ቤቱ ገንዳ የለውም፤ ባልዲ ነው ያለው። ይህን ማስታወሻዬ ላይ «የገበያ ዕድል» ብዬ ጻፍኩት።

ማክሰኞ

ወልዲያ ምሳ በልተን በሚኒባስ ወደ ቆላው ወረድን። በየኩርባው አንድ ልብስ እያወለቅኩ ጎብዬ ስንደርስ የቀረኝ ሸሚዝ ብቻ ነበር። እዚያ ጎማ ተነፈሰ። ጎማው እስኪሠራ ሽንኩርት በማዳበሪያ ሞልተው መኪና ከሚጠብቁ አንድ ገበሬ አጠገብ ጥላ ያዝኩ።

«ከየት ነው?» አሉኝ።

«ከአዲስ አበባ።»

«ሽንኩርት እዚያ ስንት ገባ?»

«አላውቅም።»

ዞር ብለው አዩኝ። «ከአዲስ አበባ መጥተህ የሽንኩርት ዋጋ አታውቅም? ታዲያ ምን ታውቃለህ ወንድሜ?»

«ስለ ቦንድ አውቃለሁ» አልኩ። ፓፓያ በቢላ ከፍለው ግማሹን ሰጡኝ። የሰጡኝ አዝነውልኝ ነው። እኛ ሰፈር ሰው ሲያዝንልህ ምክር ይሰጥሃል እንጂ ፓፓያ አይሰጥህም፤ እኔ ደግሞ ፓፓያውን እመርጣለሁ።

ቆቦ መምህር ፍቅሬ ተቀበለኝ። ከጎጃም ተመድቦ መጥቶ ስምንት ዓመት ያስተማረ፣ ቢሮአችን በስልክ አነጋግሮ ወኪል ያደረገው ሰው ነው። የያዘልኝን ሆቴል ስልጠና ወስዶታል፤ የሚቀጥለውንም ሌላ ስልጠና ወስዶታል። «ችግር የለም፣ እኔ የተከራየሁበት ቤት ታድራለህ» ብሎ በባጃጅ ወሰደኝ።

የቤቱ ባለቤት እማ ዘነቡ ይባላሉ። ስድሳን ያለፉ፣ ቀጠን ያሉ፣ ሲያወሩ ዐይን ዐይንህን የሚያዩ ሴት ናቸው። ማን እንደሆንኩ ሳይጠይቁ ውሃ አቀረቡልኝ፤ የማሽላ እንጀራ በእርጎ አቀረቡልኝ፤ ጥግ ላይ አልጋ አነጠፉልኝ። ስሜን የጠየቁኝ በልቼ ስጨርስ ነው። የኔ አከራይ በአራት ዓመት ውስጥ ስሜን ጠይቆኝ አያውቅም፤ ስልኩ ላይ «አራተኛ ፎቅ» ብሎ ነው የመዘገበኝ።

ሥራዬን ስነግራቸው ወንበራቸውን ሳብ አድርገው ቀረቡ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ መሬታቸውን የእኩል ይሰጣሉ። ሁለቱን በሬዎች የሚጠምዳቸው ስለጠፋ ባለፈው ወር ሸጠው ብሩን ባንክ አስገብተዋል።

«ባንክ ያስቀመጥኩት በሬ ሳር አይበላም ልጄ፤ ግን ይከሳል» አሉኝ። «አንዱን በሬ ያኔ በሸጥኩበት ዋጋ ዛሬ ሌላ በሬ አልገዛበትም። ከሱ በቀር የለኝም። ብታመም የምታከመው በሱ፣ ብሞት የምቀበረው በሱ ነው። ያንተ ነገር እንዳይከሳ ያደርገዋል?»

«ያደርገዋል» አልኩ። ስልጠና ላይ ለዚህ ጥያቄ መልሱ ይኸው ነበር።

ረቡዕ

ጠዋት የቀበሌው አዳራሽ ሞላ። ይህን ያህል ሰው የመጣው መምህር ፍቅሬ «ስለ ቦንድ የሚናገር ሰው መጥቷል» ብሎ ስላስነገረ ነው። እዚያ ቦንድ ማለት የግድቡ ቦንድ ነው፤ ሰዉ ገዝቶ ወረቀቱን አጣጥፎ አስቀምጧል። ባነሩን ስሰቅል ሁሉም ገንዳው ላይ አፈጠጠ። ፊት ለፊት የተቀመጡ ሽማግሌ በዱላቸው ጠቆሙት። አያ ሲሳይ ናቸው፤ የከብትም የድንበርም የጋብቻም ጠብ እሳቸው ዘንድ ደርሶ ነው የሚያልቀው።

«ግድቡ አለቀ አልተባለም እንዴ?» አሉ።

«ይሄ ሌላ ነው አያ።»

«ሌላ ግድብ?»

«ግድብ አይደለም። ውሃ የሚጠራቀምበት ገንዳ ነው።»

ሥዕሉን እንደገና አዩት። «አነሰ» አሉ።

አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳሁ። ሲገባቸው ደግሞ የባሰ ሆነ። ባለ ፋብሪካ ሰው ብር ቸግሮት ከቆቦ ገበሬ ይበደራል ሲባል አዳራሹ በሙሉ አዘነ። «ምን አግኝቶት ነው?» አለ አንዱ። አንዲት ሴት «እግዜር ይርዳው» ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። ሌላው ደግሞ ባለ ፋብሪካው ልጆች እንዳሉት ጠየቀኝ።

ከዚያ መጠይቁ መጣ። ገዢው ኪሳራ የመቻል አቅሙ ሳይለካ አይፈርምም። ታብሌቱ «የገዙት ቦንድ ዋጋው ቢወርድ ምን ያደርጋሉ?» ይላል፤ ምርጫው ሦስት ነው፦ ወዲያው እሸጣለሁ፣ እጠብቃለሁ፣ ተጨማሪ እገዛለሁ። የጠየቅኳቸው ሁሉ አንድ መልስ ሰጡኝ፦ «ሽማግሌ እልካለሁ።» ወደ ማን እንደሚልኩ ስጠይቅ «ወደ አወረደው ሰውዬ ነዋ» አሉኝ። ታብሌቱ ላይ እንዲህ የሚል ምርጫ የለም፤ «እጠብቃለሁ» የሚለውን ነካሁላቸው።

ቀጥሎ ታብሌቱ የገዢውን ፊት ያነሣል፤ ሰው መሆኑን ለማረጋገጥም ዐይኑን ሁለት ጊዜ እንዲያርገበግብ ያዛል። ለሙከራ አያ ሲሳይ ተቀመጡ። በዕድሜያቸው ዐይንዎን ያርገብግቡ ብሎ ያዘዛቸው የለም፤ አፍጥጠው አዩት። ታብሌቱ በሴት ድምፅ፣ አዳራሹ እንዲሰማ፣ «ሰው መሆንዎን ማረጋገጥ አልተቻለም» አለ።

አያ ሲሳይ ዱላቸውን ይዘው ተነሡና «ይህች ልጅ የማን ናት?» አሉኝ።

በዚያ ቀን ማንም አልፈረመም። ራት ላይ ሽሮው አልወርድ ሲለኝ እማ ዘነቡ አዩኝ።

«አብሽር ሆድዬ» አሉኝ። «ነገሩን አክብደኸው ነው እንጂ አንተ የምትለው ርቢ እኮ ነው።»

ርቢን ለማያውቅ ሰው እሳቸው እንዳስረዱኝ ላስረዳ። ላም ኖሮት መጠበቅ ያልቻለ ሰው ለሌላ ይሰጣታል። አርቢው ይጠብቃታል፣ ወተቷን ይጠጣል። የወለደችውን ይካፈላሉ። ላሟ ግን ሁልጊዜም የባለቤቷ ናት። እንጀራዬን ትቼ ማስታወሻ አወጣሁ። ብሩ ላሚቱ ነው፣ ኩባንያው አርቢው፣ ትርፉ ወተቱ፣ ወለዱ ጥጃው። ሁለት ዓመት ስሠራ ማንም እንዲህ አድርጎ አላስረዳኝም።

ሐሙስ

ዋጃ ከቆቦ ወደ አላማጣ ስትሄድ መንገድ ላይ ናት። ገበያው ዳር በሁለት እንጨት መካከል ባነሩን ሰቀልን። ስለ ኩባንያም ስለ ቦንድም አንድ ቃል አልተነፈስኩም፤ «የርቢ ላም የሚሰጥ አለ?» ብዬ ነው የጀመርኩት። ወዲያው ከበቡኝ።

«ላሚቱ ስንተኛ ወሊዷ ነው?» አለኝ አንዱ።

ኩባንያው ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ቦንድ ሸጧል። «ሁለተኛዋ» አልኩት።

«የመጀመሪያውን በደህና ወለደች?»

«በደህና።»

«ወተቱስ?»

«የአርቢው ነው።»

«ደግ» አለና ታብሌቱ ፊት ተቀምጦ አንዴ ሳይሳሳት አርገበገበ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ከኋላችን አንዲት ግመል ቀርባ ባነሩን ከጫፉ ጀምራ ማኘክ ይዛለች። ባለቤቷ ሮጦ ሲደርስ «ይግዙ» የሚለው አልቆ «ነገዎን ዛሬ» የሚለው ቀርቷል። ሰውየው በጣም አፍሮ ቤቱ ወሰደን፤ የማሽላ እሸት አስጠብሶ አበላን፤ ለባነሩም ካሣ ልክፈል ብሎ ተጣላን። አዲስ አበባ መኪናህን የገጨብህ ሰው አንተኑ ይሰድብሃል። እዚህ ግመሉ ባነር የበላችበት ሰው መሸኛ ብሎ ኪሴን በእሸት ሞላው። የዚያን ቀን አሥራ ሁለት ሰው ፈረመ።

ዓርብ

ከጠዋት ጎብዬ፣ ከሰዓት ቆቦ አሥራ ሰባት ሰው አስፈረምኩ። ላሚቱ አሁን በሦስት ከተማ ትታወቃለች። አንዳንዱ ቀለሟን ይጠይቀኛል፤ የገንዳውን ቀለም አስቤ «ነጭ ናት» እላለሁ። አንድ የጎብዬ ሰው ነጭ ላም ለፀሐይ አትሆንም ብሎ ሊቀር ነበር፤ የምትኖረው አዲስ አበባ መሆኑን ስነግረው ፈረመ። ያለኝ ሃያ ዘጠኝ ሆነ። አለቃዬ በቴሌግራም ሦስት ጭብጨባ ላከችልኝ። ደስ አለኝ፤ ልዋሽ አልፈልግም፣ በጣም ደስ አለኝ።

ማታ እማ ዘነቡ «የቀረህ ስንት ነው?» አሉኝ።

«አንድ እማ።»

«እሱ እኔ ነኛ። የበሬዎቹን በሙሉ አስገባዋለሁ። ግን ርቢ በጓዳ አይሰጥም፤ ነገ በእማኝ ፊት ይሁን።»

ሽሮውን ሁለት ጊዜ አስጨመርኩ። አራተኛ ፎቅ ያለው ቤቴ፣ የሚታደሰው ኮንትራቴ፣ ሁሉም ታየኝ። ከሁለቱ በሬ ብር በቀር ምንም እንደሌላቸው የነገሩኝ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠው መሆኑን አላስታወስኩም ብል ውሸት ነው። አስታውሼ መብላቴን ቀጠልኩ።

ቅዳሜ

ሽማግሌዎች ለዳኝነት ከሚቀመጡበት ግራር ሥር ሰው ተሰበሰበ። ሃያ ዘጠኙ በሙሉ መጥተዋል፤ የዋጃዎቹ በሁለት ባጃጅ ተጭነው። ብሩ የሚተላለፈው ሰኞ ስለነበር ሁሉም ርቢው የሚጸናው ዛሬ እንደሆነ ነው የቆጠሩት። አያ ሲሳይ መካከል ተቀመጡ። እማ ዘነቡ የባንክ ደብተራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው አጠገቤ ተቀመጡ። ታብሌቱን ጭኔ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ።

የርቢ ውል የሚጸናው በቃል፣ አንድ በአንድ እየተጠየቀ ነው። አያ ሲሳይ ጀመሩ።

«ወተቱ?»

«የአርቢው» አልኩ።

«ጥጃው?»

«በየስድስት ወሩ፣ እንደ ውሉ።»

«አርቢው ችላ ብሎ ቢያጠፋት?»

«ይጠየቃል።»

«በሽታ ገድሏት ብትሞትስ፣ ቆዳዋን ማን ያመጣል?»

ሳቅኩ። የሳቀ ሌላ ሰው አልነበረም። መምህር ፍቅሬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ አስረዳኝ። የርቢ ከብት ስትሞት አርቢው ቆዳዋን ከነጆሮዋ ለባለቤቷ ያመጣል፤ ሸጧት እንዳልሆነ ምስክሩ ጆሮዋ ላይ ያለው ምልክት ነው። ቆዳም ደግሞ ዋጋ አለው። ቆዳ የማያመጣ አርቢ በዚያ አገር ሁለተኛ ከብት አይሰጠውም።

«ኩባንያ ቢሞት ቆዳውን ማን ያመጣልናል ነው የምልህ» አሉ አያ ሲሳይ፣ ያልገባኝ መስሏቸው።

መልሱን አላውቀውም ነበር። ታብሌቱ ውስጥ አንድ መቶ ሃያ ገጽ የሚሆን የቦንዱ ሰነድ አለ። ሁለት ዓመት ቦንድ ስሸጥ ከየሰነዱ ያነበብኩት የመጀመሪያዎቹን አራት ገጾች ነው። ሰው ሁሉ እየጠበቀኝ ገጽ መግለጥ ጀመርኩ፤ መምህር ፍቅሬ ትከሻዬ ላይ ሆኖ አብሮኝ ያነባል። ሰማንያ ሰባተኛው ገጽ ላይ አገኘነው። እሱ ጮክ ብሎ አነበበው። ኩባንያው ቢፈርስ ሕንፃውና ማሽኑ መጀመሪያ ላበደረው ባንክ ነው፤ አስቀድሞ በመያዣ ተይዟል። ቀጥሎ ግብር፤ ቀጥሎ የሠራተኛ ደመወዝ። ቦንድ የገዛ ሰው የሚደርሰው ከዚያ የተረፈ ካለ ነው።

አያ ሲሳይ ዱላቸውን መሬት ላይ አጋደሙ። «እና ላሚቱ ጆሮዋ ላይ የሌላ ሰው ምልክት አለ።»

ልክ ነበሩ። «ይህ የተለመደ ነው፣ የየትኛውም ኩባንያ ሰነድ እንዲህ ይላል» ልል እችል ነበር፤ ይህም ልክ ነው። ኩባንያው ደህና ነው፣ መክሰሩን ማንም አይጠብቅም፤ ይህም ልክ ነው። ሦስቱ ልክ ነገሮች አፌ ላይ ተቀምጠው ሳሉ እማ ዘነቡ ወደኔ ዞሩ።

«እኔ ገጹን አላውቅም» አሉ። «አንተን ግን አውቅሃለሁ፣ ቤቴ በልተሃል። አንተ ስጪ ካልከኝ እሰጣለሁ። ምን ትላለህ ልጄ?»

እንዲህ ያለ ነገር ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም። አፈርኩ፤ ፈራሁም። ማክሰኞ ማታ «ያደርገዋል» ስል ምን እንደማደርግ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

«አይስጡ እማ» አልኩ። «ላይሞት ይችላል። ከሞተ ግን ቆዳም ላይመጣ ይችላል። ቢጠፋ የማይጎዳው ሰው ትንሽ ቢያስገባ ምንም አይደል። እርስዎ ግን መታከሚያዎንና መቀበሪያዎን አያስገቡ። ይህን ገጽ እኔም ያነበብኩት ዛሬ ነው፤ ማንበብ የነበረብኝ ሰኞ ነበር።»

የሚሰድቡኝ መስሎኝ ነበር። አያ ሲሳይ ግን «በል ስማችንን አውጣ» አሉ፣ ሰዓት እንደሚጠይቅ ሰው። ለመሰረዝም ታብሌቱ ፊት ተቀምጦ ማርገብገብ ያስፈልጋል። ሃያ ዘጠኝ ሰው ከግራሩ ሥር ተሰልፎ ተራ በተራ አርገበገበ። ለመግባት ሁለት ቀን የፈጀው ለመውጣት አንድ ሰዓት አልፈጀም። መጨረሻ ላይ ያልፈረሙት አያ ሲሳይ ራሳቸው ተቀመጡና ሁለት ጊዜ አርገበገቡ። ታብሌቱ «እናመሰግናለን» አላቸው። «አሁን ሰው ሆንኩ?» ብለው ተነሡ።

ምሳ እማ ዘነቡ ቤት ነበር። ዕቃዬን ሳዘጋጅ ከጓሮ አንዲት ቀይ ፍየል በገመድ እየሳቡ መጡ።

«ርቢ ነው» አሉኝ።

«ለማን?»

«ላንተ ነዋ። ቆዳ እንደማይመጣ ሳትሰጠው የሚናገር ሰው ከተሰጠውማ ያመጣል።»

የምኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ እንደሆነ ነገርኳቸው። ፍየል ደረጃ ትወጣለች አሉኝ። ሳር የለም አልኩ። «አዲስ አበባ የሚበላ ነገር ጠፋ?» አሉ። መምህር ፍቅሬን በዐይኔ ለመንኩት፤ እሱም እማኝ ሆኖ ቆሞ ነበር። አያ ሲሳይ ውሉን አንድ በአንድ ጠየቁኝ፤ እኔም አንድ በአንድ መለስኩ። ሰው ሊያበድረኝ ተሰብስቦ ሲያመሰግነኝ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው።

እሑድ

ፍየሏ ጣሪያ ላይ ተጫነች፤ ሂሳቧ ከባነሩ ይረክሳል። ደሴ አድረን ሰኞ አዲስ አበባ ገባን። የኮንዶሚኒየሙ ጥበቃ ፍየል በሕንፃው ደንብ ውስጥ እንደሌለች አስረዳኝ፤ ስለዚህ ሰንዳፋ አክስቴ ግቢ ወሰድኳት። ማክሰኞ ቢሮ ገብቼ ለአለቃዬ ዜሮ ብዬ ሪፖርት አደረግኩ። ዓርብ ሃያ ዘጠኝ ነበሩ ስትለኝ ስለ ቆዳው ነገርኳት። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰማችኝና ገጹን ከፍታ ለራሷ አነበበችው። ኮንትራቴ አልታደሰም። አሁን አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ግማሽ ቀን ሂሳብ አስተምራለሁ።

እማ ዘነቡ በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይደውሉልኛል። ባስቀመጡት ብር አንድ ወይፈን ገዝተው ከጎረቤት ጋር አቀናጅተዋል፤ የቀረውን ደግሞ አልነኩትም። የፍየሏን ደህንነት ይጠይቁኛል፤ ደህና ናት እላለሁ፣ አርግዛለች።

ባለፈው ሐሙስ ግን በእሑድ ፋንታ በሥራ ቀን ደወሉ። ከኋላቸው ብዙ ሰው ይሰማል።

«አንድ ልጅ ከአዲስ አበባ መጥቷል» አሉኝ። «እንደ ያንተው ያለ ወረቀት ይዟል፣ ሥዕልም ሰቅሏል። ስለ ቆዳው ብንጠይቀው ሳቀ። እስቲ አንተ አናግረው።»

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ተሰማኝ። «ሄሎ፣ ይቅርታ፣ የምን ቆዳ ነው?» አለ አንድ ወጣት ድምፅ። እንደ እኔው የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ትንሽ ይስቃል። የሚሸጠው ሰነድ ስንት ገጽ እንደሆነ ጠየቅኩት፤ ነገረኝ። ከዚያ ኩባንያው ቢፈርስ ማን ምን እንደሚወስድ የሚናገር ቦታ እንዳለ፣ ሰዎቹም የሚጠብቁት እሱን እንደሆነ አስረዳሁት። ሲመልስልኝ ሳቁ ድምፁ ውስጥ አልነበረም።

«የትኛው ገጽ ላይ ነው?» አለኝ።